ትንሽ ፈረስ፣ ትንሽ ሥራ አይደለም

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ በአንዲቷ የዕረፍት ቀናችሁ ሰርቪስ ተጋፍታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከጀበል ድረስ ወርዳችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አስተባባሪዎቻችን ስለ ትንንሽ ፈረሶች እንድናገር ሲጠይቁኝ አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ፈረስና የቤት ሠራተኛን ምን አገናኛቸው የምትልም አትጠፋም። ያገናኛቸው የገንዘብ ነገር ነው። ከ2019 ወዲህ ሊራው ሲወድቅ፣ ጀበል ላይ ቤትና ትንሽ መሬት ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ወደ ዴይዓቸው ወጡ። አትክልተኛውንና ናጡሩን አሰናበቱ። ሰውዬው ሲሄድ ሥራው አብሮት አልሄደም። ዶሮው፣ ውሻው፣ ፍየሉ፣ ለልጆቹ የተገዛው ፖኒ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ዛሬ እዚህ ከተቀመጥነው መካከል እኔን ጨምሮ አራታችን ፖኒ እንጠብቃለን። ዓረቦቹ "ቦኒ" ነው የሚሉት፤ ቦኒ ካሏችሁ እሱኑ ነው።

ሲያስረክቧችሁ የሚሏት ነገር አለች። "ትንሽ ነው፣ ሥራ የለውም፣ እንደ ውሻ ነው።" እኔ ሁለት ፖኒዎች ስጠብቅ ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በአጭሩ ይህ ነው፦ ፈረሱ ትንሽ ቢሆን ሥራው ትንሽ አይደለም። ትንሽ ነው ተብሎ የተናቀ ሥራ ደግሞ ነገር ሲበላሽ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ እንስሳውን እንወቀው። ፖኒ ውርንጭላ አይደለም፤ አድጎ የጨረሰ ፈረስ ነው። ፈረስ በቁመት የሚለካው ከመሬት እስከ ትከሻው ነው። ከ148 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ያለው ፖኒ ይባላል። በዚህ ልኬት እኮ አብዛኞቹ የአገራችን ፈረሶች ፖኒዎች ናቸው! እኛ ግን ኮርቻ ጭነን ዳገት እናስወጣቸዋለን እንጂ ፖኒ ብለን አናውቅም። እዚህ ለልጆች የሚገዙት ከዚያም ያነሱት ናቸው። ሼትላንድ የሚባለው ዝርያ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካሉ ነፋሻማ ደሴቶች የመጣ ነው፤ ቢበዛ 107 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሚኒየቸር የሚሏቸው ደግሞ ከዚህም ያንሳሉ፤ የአሜሪካው የሚኒየቸር ፈረስ ማኅበር የሚመዘግበው እስከ 34 ኢንች፣ ማለትም እስከ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የምግብ ጠረጴዛችሁን አስቡት፣ ከዚያ ብዙም አይበልጥም።

ስለ ሼትላንድ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። እንግሊዝ አገር ጥንት ከምድር በታች የድንጋይ ከሰል የሚጎትቱት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ1842 ሕግ ወጣና ሴቶች በሙሉ፣ ወንዶች ልጆችም ዐሥር ዓመት እስኪሞላቸው፣ ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ሼትላንዶች በብዛት ወደ ጉድጓዱ ይገቡ ጀመር። ጠባቡ ዋሻ ውስጥ የሚገባና ጋሪ የሚጎትት ሌላ ስለጠፋ ነው። ሕጉ ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ አንሥቶ ሌላው ላይ አደረገው ማለት ነው። ይህን የማነሣው ይህ እንስሳ አሻንጉሊት ሆኖ እንዳልተፈጠረ እንድታውቁ ነው። በድንጋያማ መሬት፣ በብርድ፣ በጥቂት ሣር ለመኖር የተሠራ ብርቱ ፍጥረት ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በጥቂት ሣር ሊኖር የተፈጠረውን እንስሳ ግቢ ውስጥ አስገብተው ያጠግቡታል። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። እኛ አገር ፈረስ የሚጎዳው በሥራ ብዛትና በመኖ እጥረት ነው። አባቴ ለፈረሱ ገብስ ሳይሰጥ እራቱን አይበላም ነበር። ስለዚህ እኛ ሐበሾች ፈረስ ስናይ እጃችን ወደ ገብስ ይሄዳል፤ ማብላት ደግነት ነው ብለን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ፖኒ የሚታመመው በጥጋብና በሥራ ፈትነት ነው። ከአገር ያመጣነው ዕውቀት ለጋሪ ፈረስ ትክክል ነው፤ ለዚህ ለማይሠራው ግን ተቃራኒው ነው የሚያስፈልገው።

እንግዲህ ምን ያህል ይብላ? ልኩ የሚታወቀው በክብደቱ ነው። በቀን ከክብደቱ መቶኛ ሁለት ያህል ደረቅ መኖ ይበቃዋል። 150 ኪሎ ለሚመዝን ሼትላንድ ሦስት ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው። መቶ ኪሎ ለሆነች ሚኒየቸር ሁለት ኪሎ። በዓይን አትገምቱ። ሁላችንም አገር ስንገባ ሻንጣ የምንመዝንበት ተንጠልጣይ ሚዛን አለን አይደል? ድርቆሹን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ በእሱ መዝኑት። ከዚያ ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ አካፍሉት፤ ፈረስ ጨጓራው ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት እያለ ቀኑን ሙሉ እንዲያኝክ ነው የተሠራው። ንጹሕ ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊቱ አይጥፋ። በበጋ ባልዲውን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እዩት፤ ፀሐይ ያሞቀውን ውሃ እናንተም አትጠጡትም። የጨው ድንጋይም ይቀመጥለት።

ዓረቦቹ "ፋሳ" የሚሉት አልፋልፋ ለትንንሾቹ ይከብዳል። ገብስ፣ ፉርሽካ፣ የደረቀ ኹብዝ የማይሠራ ፖኒ አያስፈልገውም። ኹብዝ የተረፈ ሁሉ ወደ ጋጣ እንዲሄድ የሚያደርግ ቤት ብዙ ነው፤ መጣል ነውር ስለሆነ። ለዶሮዎቹ ይሂድ። የታጨደ የጓሮ ሣርም ተከምሮ ሲውል ይግላል፣ ይቦካል፤ ሆዱን ይነፋዋል፣ አትስጡት።

መወፈሩን በምን እናውቃለን? በእጅ ነው እንጂ በዓይን አይደለም። በክረምት ጠጉሩ ስለሚረዝም ሁሉም ድብ ይመስላሉ። መዳፋችሁን ጎኑ ላይ አድርጉና ዳብሱ። ጎድን አጥንቱ ሳይታይ በእጅ መቆጠር አለበት። ጎድኑ ከጠፋ፣ ጋማው ሥር ያለው አንገቱም እንደ ጉብታ ከደነደነ፣ ወፍሯል። ወፍሯል ብላችሁ ግን በአንድ ቀን አታስርቡት። ትንንሽ ፖኒዎችና አህዮች ሲወፍሩ ቆይተው ድንገት ምግብ ሲቋረጥባቸው ስቡ ወደ ደማቸው ይለቀቅና ጉበታቸውን ያውካል፤ ይሞታሉም። መቀነስ በሳምንታት፣ ቀስ ብሎ፣ ሐኪም እያወቀው ነው።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ ልምጣ። ላሚናይተስ ይባላል። የፈረስ ሰኮና ልክ እንደ እኛ ጥፍር ከውስጥ ሥጋ ጋር የተጣበቀ ነው። ስኳርና እህል ሲበዛበት ይህ የተጣበቀው ክፍል ይቆጣል። አስቡት እስቲ፣ ጥፍራችሁ ሥር ቆስሎ መላ ክብደታችሁን በጥፍራችሁ ላይ ስትሸከሙ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ መራመድ ይጠላል፣ በተለይ ሲዞር። የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ሰኮናውን ስትነኩት ይግላል። ከሰኮናው በላይ ያለው የደም ሥር በጣታችሁ ሥር ይመታል። ይህን ካያችሁ አታስሂዱት፤ ለስላሳ መሬት ላይ አቁሙት፣ እህሉን ሁሉ አንሡ፣ ሐኪም በዚያው ቀን ይጠራ።

ይህን በሽታ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከምጠብቃቸው አንዷ ሉሉ የምትባል ባዝራ ነች፤ ሌላው ሰንጋ ነው፣ እኔ በልቤ አባ ጥጋቡ እለዋለሁ። የአሠሪዬ ልጅ ልደት ሊከበር ሦስት ቀን ሲቀረው ለማዳም በዋትስአፕ ድምፅ ላክሁላት። እንግዶቹ ፖኒዎቹን ኬክና ዳቦ እንዳያበሏቸው፣ ባይሆን ካሮት ቀጫጭን አድርጌ ቆርጬ እንደማዘጋጅ ነገርኋት። "ኦኬ ሐቢብቲ" አለችኝ። በዕለቱ እኔ ወጥ ቤት ነበርሁ፤ ለአርባ ሰው ሳህን የሚያቀርበው ማን ሆነና። ሠላሳ ልጅ በየተራው ኬክና መዓሙል ሲያጎርሳት ዋለ። አንዱ ልጅ ደግሞ የዶሮውን ገብስ በባልዲ አቀረበላት።

በማግስቱ ሉሉ አልተራመደችም። ሐኪሙ መጣ፣ በሽታው ያው ነው አለ። ከዚያ ምን ተባለ? "አብዝተሽ ያበላሻት አንቺ ነሽ፤ የሐኪሙ ከደመወዝሽ ይቆረጣል።" እኔ አልተጨቃጨቅሁም። ደብተሬን አመጣሁ። በየቀኑ ስንት ኪሎ እንደሰጠሁ፣ ውሃ መቼ እንደቀየርሁ፣ ሰኮና ቆራጩ መቼ እንደመጣ በቀን በቀኑ ጽፌበታለሁ። ጽሑፉ በአማርኛ ነው፣ ቁጥሩን ግን ማንም ያነበዋል። ስልኬ ላይ ያለውንም ድምፅ አሰማኋቸው። ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ "ይህቺ ልጅ ያደረገችው ትክክል ነው" አላቸው። ደመወዜ አልተነካም። ሉሉ ግን እስክትድን ስምንት ወር ፈጀባት፤ ዛሬም ድንጋይ ላይ ስትሄድ ታነክሳለች። እሷ ደብተር የላት፣ ምን ትበል?

ሁለተኛው የሚያስፈራ ነገር የሆድ ቁርጠት ነው። ፈረስ ማስታወክ አይችልም። የበላው ነገር ካልተስማማው መውጫው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋንድያውን በየቀኑ ማየት የሐኪም ግማሽ ሥራ ነው፤ ፋንድያ ከጠፋ ነገር አለ። ጎኑን ዞሮ ዞሮ ካየ፣ መሬት በእግሩ ከጫረ፣ እየተነሣ እየወደቀ ከተንከባለለ፣ መኖውን አንሡና ሐኪም አስጠሩ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ እህቶች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ፣ እናንተ ዘንድ ተጨማሪ ጠንቅ አለ፤ ድርቆሹ አሸዋ ላይ ከተጣለ አሸዋውን አብሮ ይውጥና ሆዱ ውስጥ ይከማቻል። ድርቆሹን በገበታ ወይም በምንጣፍ ላይ አድርጉለት።

ለማዳም ስትደውሉ ዓረብኛው እንዳይጠፋባችሁ ሦስት ነገር ያዙ። "ማ ዓም ታክል" አትበላም ነው። "ማ ዓም ትምሺ" አትራመድም። "ዳሩሪ ዱክቶር" ሐኪም የግድ ያስፈልጋል። በድምፅ ላኩት፤ ሰዓቱ አብሮ ይመዘገባል።

ሦስተኛው መርዝ ነው። ዓረቦቹ "ዲፍሌ" የሚሉትን ተክል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሮዝና ነጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ፣ በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ የተተከለው። ያምራል። ጥቂት እፍኝ ቅጠሉ ግን የፖኒ ልብ ያቆማል፤ ደርቆም መርዝነቱ አይለቅም። ጎረቤት አጥሩን ሲከረክም ቅርንጫፉን ወደ እናንተ በኩል እንዳይጥል ንገሩት። የአቮካዶ ቅጠልም ለፈረስ መርዝ ነው፤ አቮካዶ ያለበት ግቢ ውስጥ አትልቀቋቸው።

ሰኮና በየቀኑ ይጠረጋል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ሰኮና ቆራጭ መጥቶ ይከረክመዋል፤ ይህ የእናንተ ሥራ አይደለም፣ ቢላዋ አንሡ ቢሏችሁም እንቢ በሉ። ጥርሱን ሐኪም በዓመት አንድ ጊዜ ይየው። ለእናንተም የምለው አለኝ። ሸበጥ አድርጋችሁ ጋጣ አትግቡ፤ "ትንሿ" ፈረስ መቶ ኪሎ ናት፣ እግራችሁን ብትረግጠው የጣት አጥንት ትሰብራለች። ከኋላዋ አትቁሙ። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። የቲታነስ ክትባት ተከተቡ፤ ፈረስ ባለበት መሬት ላይ ቁስል በዋዛ አይታይም።

ስለ ልጆች መጋለብ። ፈረስ በደህና የሚሸከመው ከክብደቱ አምስት እጅ አንዱን ገደማ ነው፤ ኮርቻው ጭምር ማለት ነው። ዘጠና ኪሎ የሆነች ሚኒየቸር ከዐሥራ ስምንት ኪሎ በላይ አትሸከምም። ያ የአራት አምስት ዓመት ልጅ ነው። የዐሥር ዓመቱ ልጅ ልውጣባት ሲል "አይሆንም" ማለት ያለባት እናቱ ናት። እናንተ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ንገሯት።

ሌላው፣ ፈረስ የመንጋ ፍጡር ነው። ብቻዋን አጥር ውስጥ የተዘጋች ፖኒ እንጨት ትግጣለች፣ አንድ ቦታ እየዞረች መሬቱን ትቆፍራለች፣ መብላት ትተዋለች ወይም ሌላ ሥራ አጥታ መብላት ብቻ ይሆናል ሥራዋ። ሁለት ሆነው ነው መያዝ ያለባቸው። ብቻ መዘጋት ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልመለስ። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የ1946 ነው። ሰባተኛው አንቀጽ በሰው ቤት የምንሠራውን ከሕጉ ያወጣናል። ከንግድና ከኢንዱስትሪ ጋር ያልተያያዘ እርሻም በዚያው አንቀጽ ወጥቷል። ስለዚህ ወጥ ቤት ብትሆኑም ጋጣ ብትሆኑም ሕጉ አያያችሁም። በእጃችን ያለው በ2009 የወጣው ወጥ ኮንትራት ነው። የሥራ ሰዓት በአማካይ በቀን ከዐሥር እንዳይበልጥ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ይላል። ከአሠሪው መኖሪያ በተለየ ቦታ እንዳንሠራም ይላል። የስንታችን ቤት እንደሚያከብረው አውቃለሁ፣ አትሳቁ። ቢሆንም አሠሪው የፈረመበት ወረቀት ነውና ለመነጋገር መነሻ ይሆናል።

እንዴት ትነጋገራላችሁ? መጀመሪያ ሥራውን በሰዓት ቁጠሩት። እኔ ስቆጥረው ለሁለት ፖኒ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አርባ ደቂቃ፣ ቀትር ላይ ውሃና ድርቆሽ ሃያ ደቂቃ ሆነ። በቀን ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ይህን ይዤ ሄድሁና "ማዳም፣ ወይ ከቤቱ ሥራ ሁለት ሰዓት ይቀነስልኝ፣ ወይ ደመወዝ ይጨመርልኝ" አልኋት። ከሉሉ በሽታ በኋላ ስለነበር ሰማችኝ። ብረት መተኮሱና የመስኮት መጥረጉ ለሌላ ሴት ተሰጠ። እሁድ የእኔ ስለሆነ በዚያ ቀን ፖኒዎቹን ልጇ ይጠብቃል። በፍሪላንስ የምትሠሩ ደግሞ የጋጣውን ሥራ ከቤት ጽዳቱ ለይታችሁ ዋጋ ጥሩለት። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ክትባት ከአሠሪው ነው። ደብተር ግን የራሳችሁ ይሁን፤ ማታ ማታ ፎቶ አንሡትና ለአንዲት ጓደኛ ላኩት።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እናገራለሁ? ይህን ሥራ ጠልቼው አይደለም። እውነት ለመናገር ከቤቱ ሥራ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ጠዋት ድርቆሽ ይዤ ስመጣ አባ ጥጋቡ ከሩቅ ሲያሽካካ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ መምጣቴን በደስታ የሚቀበል እሱ ብቻ ነው ብዬ አስባለሁ። ስለምወደው ነው እንዲናቅ የማልፈልገው። ፖኒ በደንብ ከተያዘ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት ይኖራል። የተገዛለት ልጅ አድጎ አግብቶ እንስሳው ገና ይበላል፣ ይጠጣል። እንዲህ ያለውን ዕድሜ የያዘች ሴት ሙያ ያላት ሴት ናት። አገራችሁ ስትገቡም ሰኮና ማየት፣ ቁርጠት መለየት፣ መኖ መመዘን የሚያውቅ ሰው የጋሪ ፈረስ ባለበት ከተማ ሁሉ ይፈለጋል።

አባቶቻችን "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላሉ። የእኔም ንግግር እንደዚያው ነው። እስከ ማዳም በር ያደርሳችኋል፤ በሩን አንኳኩታችሁ መናገሩ የእናንተ ነው። ብቻዬን እፈራለሁ የምትል ካለች ዛሬ ከመሄዷ በፊት ትንገረን፤ ምን እንደምትል አብረን እንለማመዳለን። ሻንጣ መመዘኛ ሚዛን የሌላችሁ ከእኔ መዋስ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን አገር የምትገባ እህት ስትመጣ ቅድሚያ የእሷ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ቡናው እስኪፈላ ጠይቁኝ።